ዳይሬክተሩ ሲለቅ የተጀመሩት መጻሕፍት ምን ይሆናሉ? ስለ አንድ ትንሽ የአይሁድ አሳታሚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ የተመሠረተ አንድ ትንሽ አሳታሚ አለ። ስሙ የአይሁድ የሕትመት ማኅበር ነው። ብዙ ሰው በምህጻሩ ጄፒኤስ ይለዋል። ለትርፍ የተቋቋመ አይደለም። ከ1888 ጀምሮ የአይሁድ መጻሕፍትን በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ መሪ ተፈራርቆበታል። አንዳንዱ በሰላም ጡረታ ወጣ። አንዳንዱ ሥራ ላይ እያለ አረፈ። አንዷ ደግሞ ወደ ሌላ ትልቅ ሥራ ሄደች።

መጻሕፍት የምትወዱ ወዳጆቼ ስለዚህ ቤትና ስለ መሪ ለውጥ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአለሁ። እኔ የመሪ ለውጥን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ በቀድሞው ሰው ጊዜ የተጀመሩት መጻሕፍት በአዲሱ ሰው ጊዜ ተጨርሰው ወጡ ወይስ ውሃ በላቸው? ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄፒኤስ ማተሚያ ቤት ነው?

አይደለም። በእኛ ዘንድ ሁለቱ ቃላት ስለሚምታቱ ከዚህ ብጀምር ይሻላል። ማተሚያ ቤት ማሽን፣ ቀለምና ወረቀት ያለው ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። አሳታሚ ግን ረቂቁን ይመርጣል፣ ከደራሲው ጋር ይዋዋላል፣ አርታዒ ይመድባል፣ ገንዘቡን ያወጣል፣ መጽሐፉንም ለአንባቢ ያደርሳል። አገር ቤት ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ አሳታሚ ስለሚሆን ልዩነቱ አይታየንም። ከኪሱ አውጥቶ ወይም ተበድሮ ያሳትማል። ከዚያ መጽሐፉን ተሸክሞ ከመደብር መደብር ይዞራል። ጥሩ አሳታሚ ይህን ሸክም ከደራሲው ጫንቃ ላይ ያነሳለታል።

ስለዚህ የአሳታሚ መሪ ሲቀየር የሚቀየረው መጽሐፍ የሚመርጠው ዓይን ነው። ሰው የሚጨነቀውም ለዚህ ነው።

ለትርፍ ካልተቋቋመ ባለቤቱ ማን ነው?

ባለቤት የለውም። በአሜሪካ የግብር ሕግ 501ሲ3 በሚባለው ክፍል የተመዘገበ ድርጅት ትርፍ ቢያገኝ እንኳ ማንም ሊከፋፈለው አይችልም። ገንዘቡ ተመልሶ ለሥራው ይውላል። ድርጅቱ ቢዘጋም ቀሪው ንብረት ወደ ሌላ የበጎ አድራጎት ዓላማ ይሄዳል እንጂ ወደ ማንም ኪስ አይገባም።

ከላይ ቦርድ አለ። የቦርድ አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ከሌላም ያሰባስባሉ። ዳይሬክተሩን የሚቀጥረው ቦርዱ ነው፤ የሚያሰናብተውም እሱ ነው። ዜና ላይ «አዲስ ፕሬዚዳንት ተመረጠ» ሲባል ብዙ ጊዜ የቦርዱ ሰብሳቢ ተቀየረ ማለት ነው። የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ሰው ግን ዳይሬክተሩ ወይም ዋና አዘጋጁ ነው። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅሏቸው።

ማን አቋቋመው?

የዚህ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከራሱ ልደት በፊት ነው። በ1845 አይዛክ ሊሰር የሚባል የፊላዴልፊያ ሰው አንድ የአይሁድ የሕትመት ማኅበር አቋቋመ። ሊሰር በምኩራብ ጸሎት የሚመራ፣ መጽሔት የሚያዘጋጅ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ብቻውን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው ነበር። ማኅበሩ 14 መጻሕፍት አወጣ። ከዚያ በታኅሣሥ 1851 መጻሕፍቱና የማተሚያ ሰሌዳዎቹ የተቀመጡበት ሕንፃ ተቃጠለ። ማኅበሩም በዚያው ቀረ። በ1870ዎቹ ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ሌላ ሙከራ ተደረገ። የኢኮኖሚው ቀውስ በአጭሩ ቀጨው።

ሦስተኛው ሙከራ በ1888 የበጋ መግቢያ ላይ እዚያው ፊላዴልፊያ ተጀመረ። እስካሁን ያለው እሱ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የአዲሱ ማኅበር የሕትመት ኮሚቴ ሰብሳቢ ዳኛ ሜየር ሳልዝበርገር ነበር። ሳልዝበርገር በወጣትነቱ በሊሰር እጅ የተማረና አብሮት የሠራ ሰው ነው። ሊሰር ሲሞት መጽሔቱን ለጥቂት ጊዜ ያስቀጠለውም እሱ ነው። እንግዲህ ሕንፃው ተቃጠለ፣ ሰሌዳው ቀለጠ፣ ሰውየው ግን የሚያስተምረውን አስተምሮ ነበር። ከ37 ዓመት በኋላ ተማሪው ተነስቶ ያንኑ ሥራ ያዘ።

ገንዘቡስ? አባሎች በዓመት 3 ዶላር ይከፍሉ ነበር። በምትኩ የዓመቱ መጻሕፍት በፖስታ ይደርሷቸዋል። እንደ ጄኮብ ሺፍ ያሉ ሀብታሞችም 5,000 ዶላር ያህል ሰጥተው ለቋሚ ፈንድ መሠረት ጣሉ። ዋናው ግን አባሉ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ይህ ቤት በጌጡ ነው የጀመረው።

ሄንሪዬታ ሶልድ ማን ናት? ለምንስ ስሟ ሁልጊዜ ይነሳል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ሶልድ በ1860 ባልቲሞር ተወለደች። አባቷ ረቢ ነበር። ብዙ ቋንቋ አስተማራት። ወጣት ሳለች ከሩሲያ ለሚመጡ ስደተኞች የማታ ትምህርት ቤት ከፍታ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ማኅበሩ ሲቋቋም የሕትመት ኮሚቴው ውስጥ የገባች ብቸኛ ሴት እሷ ናት። በ1893 ደግሞ ደመወዝተኛ ሆነች። ክፍያዋ በዓመት 1,000 ዶላር ነበር።

የተሰጣት ማዕረግ «የኮሚቴው ጸሐፊ» የሚል ነው። ሥራዋ ግን የዋና አዘጋጅ ነበር። ረቂቅ ታነባለች። ታርማለች። ከጀርመንኛ ትተረጉማለች። ከደራሲዎች ጋር ትጻጻፋለች። የመጨረሻ ማረሚያ ወረቀቶችን ፊደል በፊደል ታያለች። የታላቁን የታሪክ ጸሐፊ የሃይንሪሽ ግሬትስን ባለብዙ ቅጽ የአይሁድ ታሪክ ማውጫ ያዘጋጀችው እሷ ናት። ዓመታዊውን የአሜሪካ አይሁዶች መጽሐፍም ለተወሰኑ ዓመታት አዘጋጅታለች። ወንዶቹ ኮሚቴ ተቀምጠው ይወስናሉ፤ ውሳኔውን መጽሐፍ አድርጋ የምታወጣው እሷ ነበረች። «አዘጋጅ» የሚለው ስም ግን ሳይሰጣት ቀረ። ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

ከዚያ የሉዊስ ጊንዝበርግ ሥራ መጣ። ጊንዝበርግ በኒው ዮርክ የሚያስተምር፣ ታልሙድ የሚባለው ጥንታዊ የአይሁድ ሕግና ትውፊት ስብስብ ትልቅ ሊቅ ነው። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች የተነገሩትን የአይሁድ ትውፊቶች ሁሉ በአንድ ላይ ይሰበስብ ነበር። የሚጽፈው በጀርመንኛ ነው። ሶልድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችለት። አብረው ብዙ ጊዜ አሳለፉ። እሷ አፈቀረችው። እሱ በ1908 ወደ አውሮፓ ሄዶ ከሌላ ሴት ጋር ታጭቶ ተመለሰ። ልቧ ክፉኛ ተሰበረ። የመጀመሪያው ቅጽ ግን በ1909 ወጣ። ሁለተኛው በ1910 ወጣ። ሁለቱም የእሷ ትርጉም ናቸው።

በ1916 ወዳጆቿ ተሰባስበው ዕድሜ ልኳን የሚበቃ ገቢ አዘጋጁላት። በ1912 ላቋቋመችው ለሐዳሳ የሴቶች ድርጅት ሙሉ ጊዜዋን እንድትሰጥ ብለው ነው። ከማኅበሩም በዚያው ዓመት ለቀቀች። ይህ የቤቱ የመጀመሪያው ትልቅ የመሪ ለውጥ ነው። 23 ዓመት የሠራችው ሴት ወጣች። እጅ ላይ የነበረው ትልቁ ሥራ ገና ግማሽ ነበር።

ታዲያ የጊንዝበርግ መጽሐፍ ቀረ?

አልቀረም። አራቱ የታሪክ ቅጾች እሷ ሳትለቅ ወጥተው ነበር። ማስታወሻዎቹን የያዙት ሁለት ቅጾች በ1925 እና በ1928 ታተሙ። ሰባተኛው ቅጽ፣ ማለትም ማውጫው፣ በ1938 ወጣ። ከሶልድ በኋላ አዘጋጅ የሆነው ቤንጽዮን ሃልፐር በ1924 ሞቶ ነበር። ከእሱ የተረከበው አይዛክ ሁሲክ ነው፤ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር። ሁሲክም በ1939 አረፈ።

ልብ በሉ። አንድ መጽሐፍ ነው። ሦስት አዘጋጅ ተፈራርቆበታል። ሁለቱ ሥራ ላይ እያሉ ነው ያረፉት። በመሃሉ አንድ የዓለም ጦርነትና አንድ ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት አልፏል። ማውጫው ግን ወጣ። ማውጫ ገበያ ላይ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ለትርፍ የሚሠራ ቤት ቢሆን ኖሮ «ይብቃን» ይል ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ተመራማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚገልጠው ያንን ሰባተኛ ቅጽ ነው።

መሪው ረቢ መሆን አለበት?

የለበትም። ሶልድ ረቢ አልነበረችም፤ በጊዜው ሴት ረቢ መሆን አትችልም ነበር። ሁሲክ የፍልስፍና ሰው ነው። ከ1939 እስከ 1966 የመራው ሰለሞን ግሬይዝል ረቢም የታሪክ ሊቅም ነበር። ከእሱ የተረከበው ኻይም ፖቶክ ረቢ ቢሆንም ዓለም የሚያውቀው በልብ ወለድ ጸሐፊነቱ ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጽሑፉን ማወቅና ሰው ማስተባበር። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው መሪ በትንሽ ቤት ውስጥ ቶሎ ይታወቃል። የሚሸፍንለት ብዙ ሠራተኛ የለማ!

መጽሐፍ ቅዱሱን ለመተርጎም ያን ያህል ዓመት ለምን ፈጀ?

የሚያወሩት ስለ የትኛው ነው? ጄፒኤስ ያወጣቸው የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ሁለት ናቸውና።

የመጀመሪያው ሐሳቡ በ1890ዎቹ ተነሳ። መጀመሪያ ላይ የመሩት ማርከስ ያስትሮ የሚባሉ ረቢ ነበሩ። ሥራው ለብዙ ሊቃውንት ተከፋፈለ። ያስትሮ በ1903 አረፉ። በዚያ ጊዜ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር። ሥራው ለጥቂት ዓመታት በእንጥልጥል ቀረ። ከዚያ በ1908 አካባቢ ማክስ ማርጎሊስ የሚባል የቋንቋ ሊቅ ዋና አዘጋጅ ሆነ። አሠራሩም ተለወጠ። ማርጎሊስ ረቂቁን ብቻውን ያዘጋጃል፤ ከእሱ ጋር ሰባት የሆነው ኮሚቴ ደግሞ ተሰብስቦ ይከራከርበታል። ሥራው ሳያልቅ ከሰባቱ ሁለቱ ሞቱ። መጽሐፉ በ1917 ወጣ።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ መሪ የድሮውን አሠራር እንዳለ አልቀጠለም። ዓላማውን ያዘ፤ መንገዱን ቀየረ። ብዙ ሰው «አዲሱ ሰው ሁሉን ነገር ለወጠብን» ብሎ ሲያማርር እሰማለሁ። አንዳንዴ መንገዱ ካልተለወጠ መጽሐፉ አይወጣም።

ሁለተኛው በ1955 ተጀመረ። እንግሊዝኛውም የዕብራይስጡ ጥናትም ተለውጦ ነበር። ዋና አዘጋጁ ሃሪ ኦርሊንስኪ ነበር። ኮሚቴው ውስጥ ከሊቃውንቱ ሌላ ከሦስቱ ትልልቅ የአይሁድ ሃይማኖት ዘርፎች፣ ማለትም ከኦርቶዶክስ፣ ከኮንሰርቫቲቭና ከሪፎርም፣ አንድ አንድ ረቢ ተቀመጠ። ኦሪት በ1962 ወጣ። ነቢያት በ1978። መጻሕፍት የሚባለው ሦስተኛው ክፍል በ1982። በ1985 ሁሉም በአንድ ጥራዝ ተጠረዘ። 30 ዓመት ማለት ነው።

በእነዚህ 30 ዓመታት ግሬይዝል ወጥቶ ፖቶክ ገብቷል። ፖቶክም በ1974 ከዋና አዘጋጅነቱ ተነስቷል። ነገር ግን ግሬይዝል የኦሪቱ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር፤ ፖቶክ ደግሞ የመጻሕፍቱ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነ። አያችሁ? የቤቱ አዘጋጅ ራሱ ከተርጓሚዎቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። ሥራውን ያወቀው በሪፖርት አይደለም። ዱላ ቅብብል ውድድር ላይ ተቀባዩ ቆሞ አይጠብቅም፤ አብሮ መሮጥ ይጀምራል።

በ2012 ድርጅቱ ተሸጠ የሚባለው እውነት ነው?

አልተሸጠም። ግን ትልቅ ለውጥ ነበር።

ኤለን ፍራንክል ከ1991 ጀምራ ዋና አዘጋጅ፣ በኋላም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆና እስከ 2009 ሠራች። በእሷ ጊዜ ከእሷ በፊት የተጀመረው የኦሪት ማብራሪያ ተጠናቀቀ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1989 ነበር የወጣው፣ የመጨረሻው በ1996። እዚህም ላይ የተጀመረው አልተጣለም።

በ2010 ረቢ ባሪ ሽዋርትዝ መጣ። ከዚያ በፊት ኒው ጀርሲ ውስጥ የአንድ ምኩራብ ረቢ ነበር። ጊዜው ለመጽሐፍ ንግድ ክፉ ነበር። የኢኮኖሚው ቀውስ ገና አልለቀቀም። መደብሮች ይዘጋሉ። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እየገባ ነው። አንድ ትንሽ ቤት መጋዘኑንም፣ ስርጭቱንም፣ ሽያጩንም፣ አርትዖቱንም ብቻውን መሸከም ከበደው።

ስለዚህ ከኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ጋር ስምምነት ተደረገ። ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ምርቱ፣ ስርጭቱና ሽያጩ ወደ ኔብራስካ ሄደ። ጄፒኤስ መጽሐፍ መምረጡን፣ ማስጻፉንና ማረሙን ለራሱ አስቀረ። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሳጥን የሚጭን ብዙ ድርጅት አለ። የኦሪት ማብራሪያ ለ20 ዓመት በትዕግሥት የሚያስጽፍ ግን ጥቂት ነው። የትኛውን ለሌላ እንደምትሰጡና የትኛውን እንደማትሰጡ ማወቅ የመሪ ሥራ ነው።

ከሽዋርትዝ በኋላ፣ በ2020ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤሊያስ ሳክስ ዳይሬክተር ሆነ። እሱ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው። በኮሎራዶ ቦልደር የሃይማኖትና የአይሁድ ጥናት ያስተምር ነበር።

አዲስ መሪ ሲመጣ የሃይማኖት አቋሙ ይለወጣል?

ቤቱ የአንድ ዘርፍ ንብረት አይደለም። ቦርድም፣ ኮሚቴም፣ ብዙ ዓይነት አንባቢም አለው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ በአንድ ሌሊት ሊገለብጠው አይችልም። ጨርሶ አይለወጥም ማለት ግን አይደለም። በ2023 የ1985ቱ ትርጉም ተሻሽሎ ሰፋሪያ በሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ላይ ወጣ። በዚህ እትም ላይ ጾታን የሚመለከቱ ቃላት ሁሉ እንደ ገና ተመርምረዋል፤ እግዚአብሔርን «እሱ» ማለትም በአብዛኛው ቀርቷል። የተደሰተ አለ፤ የተቆጣም አለ። የ1985ቱ ግን ከገበያ አልወጣም። አንባቢው ሁለቱንም ይዞ ማመዛዘን ይችላል። ክርክር ሲነሳ የድሮውን ሳይሰውሩ አዲሱን ማውጣት ጨዋነት ነው።

ረቂቄ እዚያ አሳታሚ ዘንድ ነው። ዳይሬክተሩ ለቀቀ። ምን ላድርግ?

ይህ በየትኛውም ትንሽ አሳታሚ ላይ የሚደርስ ነው። መጀመሪያ ውልህን ወይም ውልሽን አውጡና አንብቡ። ውሉ ከድርጅቱ ጋር ነው እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም። ሰው በመልቀቁ ውል አይፈርስም። ቀጥሎ ጊዜ ገደቡን እዩ። በስንት ወር ውስጥ ሊያሳትሙ ተስማምተዋል? ካላሳተሙስ መብቱ ወደ እናንተ ይመለሳል ወይ? ከዚያ አጭርና ጨዋ ደብዳቤ ጻፉ። «ረቂቄ እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ አርታዒዬ እከሌ ናቸው፤ የተስማማንበት ቀን ይህ ነው፤ አሁን ማንን ላነጋግር?» ይበቃል።

ውል ካልፈረማችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ወድጄዋለሁ፣ እናወጣዋለን» የሚል የቃል ተስፋ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን በጊዜ ማወቅ ይሻላል።

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትንሽ አሳታሚ በትርፍ ጊዜዬ አንድ ረቂቅ አርም ነበር። ኃላፊው በድንገት ለቀቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቤተሰብ ችግር ገጥሞት ነው። ግን ሦስተኛው እርማት ያለው በእሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ደራሲው የተስማማባቸው ለውጦች ሁሉ በስልክ የተነገሩ ናቸው። ማን ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ደራሲው አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ ይህን እኮ ተነጋግረን ጨርሰነዋል» ይሉኛል። ማስረጃ ግን የለኝም። እንደ አዲስ ጀመርን። ስምንት ወር ፈጀብን። እሳቸው እየደከሙ፣ እኔ እየተሳቀቅኩ። መጽሐፉ ወጣ፤ እሳቸውም በእጃቸው ይዘው አዩት። ሁልጊዜ ግን ባያዩትስ ኖሮ እላለሁ።

ታዲያ ምን መረከብ ነበረበት?

ቁልፍና ማኅተም ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ መጽሐፍ ደረጃ በጽሑፍ መኖር አለበት፦ ማን ዘንድ ነው፣ የቱ እርማት የመጨረሻ ነው፣ ምን ቀረ። ውሎቹ በአንድ ቦታ ይቀመጡ። የሽፋንና የውስጥ ገጽ ፋይሎች፣ የይለፍ ቃሎች፣ ለደራሲ የሚከፈለው ድርሻ ስሌት ይረከቡ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በቃል የተገቡ ተስፋዎች ዝርዝር። ይህን ማንም አይጽፈውም። የሚያጣላው ግን እሱ ነው።

ተሰናባቹና አዲሱ ለጥቂት ሳምንታት አብረው ቢሠሩ ጥሩ ነው። ካልተቻለ ጊዜያዊ ኃላፊ ይመደብ። ጊዜያዊው ሰው ትልቅ ውሳኔ ባይወስን ይመከራል። ማተሚያ ቤት የገባውን መጽሐፍ ግን ያስወጣ።

ለጋሽ ነኝ። እስኪረጋጉ ድረስ ገንዘቤን ልያዝ?

አትያዙ። የሽግግር ጊዜ ገንዘብ በጣም የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሪፖርት ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስገባሉ። ለሕዝብ ክፍት ነው። ገቢውን፣ ወጪውን፣ የቦርድ አባላቱን ስምና የዳይሬክተሩን ደመወዝ ታገኙበታላችሁ።

ይህ ቤት ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሁለት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛው ሶልድ ናት። ከማኅበሩ ከወጣች በኋላ ኢየሩሳሌም ገባች። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የወጣቶች ዓሊያ የሚባለውን ሥራ መራች። ሐሳቡን በርሊን ላይ የጀመረችው ሬሃ ፍራየር ናት፤ ልጆቹን የመቀበሉን ሥራ ያደራጀችው ግን ሶልድ ነበረች። ከናዚዎች የሚያመልጡ ልጆችን ተቀብሎ በወጣት መንደሮች ያሳድግ ነበር። ሶልድ በ1945 አረፈች። ድርጅቱ ግን ቀጠለ። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ የደረሱት የቤተ እስራኤል ልጆች ብዙዎቹ የገቡት በእነዚያው የወጣቶች ዓሊያ መንደሮች ነው። ያለ ወላጅ የመጡም ነበሩባቸው። በዚያ ጊዜ ልጆች የነበሩ፣ ዛሬ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን ስለ መንደሩ ጠይቋቸው። ብዙ ይነግሯችኋል።

ሁለተኛው ኦሪት ራሱ ነው። የቤተ እስራኤል ቄሶች የሚያነቡት ኦሪት በግዕዝ ነው። የግዕዙ ትርጉም በዋናው የመጣው ከግሪኩ ከሰብዓ ሊቃናት ነው። የጄፒኤስ ትርጉም ግን በቀጥታ ከዕብራይስጡ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ልዩነት ሲያይ አንዱ ተሳስቷል ብሎ አይቸኩል። የመጡበት ምንጭ የተለያየ ነው።

ማንበብ ብፈልግ ከየት ልጀምር?

የ1917ቱ ትርጉም የቅጂ መብቱ አብቅቷል። በነጻ ይገኛል። የ1985ቱም ሰፋሪያ ላይ አለ። እኔ የምመክረው ሁለቱን ከፍታችሁ የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ቁጥር እንድታዩ ነው። የ1917ቱ እኛ እንደለመድነው «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» በሚለው መንገድ ይሄዳል። የ1985ቱ ደግሞ «እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን መፍጠር በጀመረ ጊዜ» ይላል። የአንድ ቤት ሥራ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለማየት ዕብራይስጡን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ጠይቁት። አንዲት ቃል ላይ ቁጭ ብላችሁ አንድ ከሰዓት ታሳልፋላችሁ።